ውል

መጋቢት ገብቷል አሉ፤ ለሐይቁ ማን ነገረው?
ኤሪ ከነበረዶው እንደተጋደመ ነው።
ላካዋና ከተማ፣ ከብሮኒያ መጠጥ ቤት፣
ኳስ የለም፤ ጨዋታ ግን አለ ሌት በሌት።
ጥር ላይ ተሸንፈን ሜዳው ከተዘጋ
ወንበር የምናሞቀው በክርክር ነው፣ እስከ በጋ።

ካዚሚር ጀመረ፣ ብርጭቆውን ገፍቶ፦
«ለዚያ ለግራ አጥራችን ስንት ይከፈል ከቶ?
ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሁለቴ ተቀዶ፣
አራት ዓመት ይፈርም? ሚሊዮን እንደ በረዶ
ደጃፋችን ወርዶ?»

ኦርቪል ጢሙን ጠርጎ፦
«ጀርባ የሚጠብቅ ሰው ርካሽ ሆኖ ያውቃል?
እሱን ሸኝተህ እየው፣ ወርዋሪያችን ያልቃል።»

ሙርሺድ ሶፍት ላይ በእርሳስ ይደምራል፣
ይቀንሳል፣ ያካፍላል፣ ደግሞ ይሰርዛል።
«አይፈቅድም» ይላል፣ «የደመወዙ ጣሪያ፤
ሁለት ሚሊዮን ቀረን፣ ለሌላው መቅጠሪያ።»
ጣሪያ ሲባል ሁሌም ቀና እላለሁ እኔ፤
የብሮኒያን ጣሪያ ውሃ በልቶታል፣ ወገኔ።
ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፤ ማን ሰምቶ?
ሰዉ ሁሉ ወደዚያኛው ጣሪያ ነው ያንጋጠጠው፣ ተሟግቶ።

ደግሞ ድራፍት አለ፤ ቃሉ ሁለት መልክ አለው፦
አንዱ ብሮኒያ ከቧንቧ በአረፋ የምትቀዳው፣
አንዱ ሚያዝያ ላይ ሊጉ በተራ የሚያድለው፣
ከየኮሌጁ ጎረምሳ፣ እንደ ዕጣ የሚወጣው።
ሃያ ሰባተኛ ተራ ደርሶናል ዘንድሮ።
«ፈጣን ልጅ እንምረጥ» ካዚሚር በሮሮ፣
«ወፍራም ነው የሚሻለን» ኦርቪል ጠረጴዛ መትቶ፣
«ተራውን እንሽጠው» ሙርሺድ እርሳሱን አንስቶ።
አንዱ አይተነው የማናውቅ የአዮዋ ገበሬ ልጅ ነው፤
የመዳፉን ስፋት ግን በኢንች በቃላችን የያዝነው፣
ከነእናቱ ሥራ፣ ከነሮጠበት ሰከንድ፣
ከነወለቀ ትከሻው፤ አላመለጠንም አንድ።

እኔ ዝም ብያለሁ። ሥራዬ ፖስታ ነው፤
ዛሬ ረፋድ ላይ ለዚህ ቤት ደብዳቤ ያመጣሁት እኔው፣
በአደራ የተላከ፣ በፊርማ የሚወጣ፣
ከሕንፃው ባለቤት፣ ከጠበቃው የመጣ።
ብሮኒያ ፈረመች፣ በቢራ እርጥብ ጣቷ፤
አልከፈተችውም፤ ሰካችው ከመስታወቷ።

«ውል ማለት» አለ ኦርቪል፣ «የተረጋገጠው ነው፤
ሌላው ወረቀት ነው፣ ነፋስ የሚወስደው።
እኔም ነበረኝ ውል፣ ከብረት ፋብሪካው፤
አንድ ቀን ምድጃው በድንገት ሲጠፋ
ግማሽ ጡረታዬ ከአመዱ ጋር ተደፋ።»

ብሮኒያ ያን ጊዜ ቧንቧውን ዘጋችው፤
ፖስታውን ቀዳ ለሙርሺድ ሰጠችው።
«ቁጥር ታውቅ የለም ወይ? እስቲ ይህን ደምረው።»
ውሉ የሚያበቃው ሰኔ፤ ኪራዩም በእጥፍ፤
ሃያ ስድስት ዓመቷ በሦስት መስመር ጽሑፍ።

ጸጥታ። ባልዲው ብቻ፤
ጠብ።

የሃምሳ ሦስት ጎረምሳ ደመወዝ ያጠናን፣
የሷን ኪራይ አንድ ቀን «ስንት ነው?» አላልን።

ካዚሚር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለስንት ዓመት ትፈርም?» አለ።
«ሦስት ስጧት፣ በዋስትና» ኦርቪል ቀጠለ፣
«ልምድ አላት፤ ተጎድታ አንድም ጨዋታ አልቀረች።»
የሳቀች መሰለን፤ ጀርባዋን አዙራ ነበረች።

ሙርሺድ አልሳቀም፤ ሶፍቱን ገለበጠ፣
በንጹሑ ገጽ ላይ ቁጥር አስቀመጠ፦
አሥራ አራት ደንበኛ ቢያዋጣ... ሰረዘው፤ ደግሞ ጻፈ፤
ሶፍቱ በቢራ ራሰ፣ ቁጥሩ ተንሳፈፈ።

ክር ሲወሳሰብ ሰው ውሉን ነው የሚፈልገው፤
ጫፏን ካገኛት ወዲያ ቀሪውን ሊፈታው።
እኛም ውሏን ስንፈልግ፣ ስንፈልግ አመሸን፣
ወንበሩ ተገልብጦ መብራቱ እስኪጠፋብን።

ውጭ፣ ካዚሚር ከመኪናው በረዶ እየፋቀ፣
«ያ ሰውዬ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ ድምፁ እየደቀቀ፣
«ጀርባ የሚጠብቀው...
አራት ዓመት ይፈርም።»
ማንም አልተከራከረም።