አንድ ጎራሽ

እስከ አፏ ድረስ እንጨት የለበሰች፣
ብትቆም ከወገቤ ትንሽ ያለፈች፣
ባሌ ኢግናዝ ሲሞት ከኮቱ ጋራ አንድ ሚስማር ላይ የቀረች።
የምትጎርሰው አንድ ጥይት ነው፤ ለሁለተኛ ቦታ የላትም።
ጎረቤቴ ኦስቫልድ፦ «ኖትቡርጋ፣ በዚች ሰው አያድንም፤
የኔዋ አምስት ትጎርሳለች፣ ብስት እንኳ አልደነግጥም።»

እውነቱን ነው። እኔ እደነግጣለሁ።
ሦስት ቀን የቲሮልን ገደል በእንብርክኬ ወጥቼ፣
ነፋሱ ሲዞርብኝ፣ እጄ ሲከዳኝ፣ ቃታውን ትቼ፣
ወረድኩ፣ ጥይቷን ከአፏ አውጥቼ ኪሴ ከትቼ።

በአራተኛው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከበረዶው ጠርዝ ላይ
የገደል ፍየሉ ቆመ፣ ጎኑን ሰጥቶ ለፀሐይ።
ጉንጬን አስጠጋሁ፤ እንጨቷ ዛሬም የኢግናዝን ትምባሆ ይሸታል።
ተኮስኩ።
ገደሉ ሦስቴ ደገመው። ከዚያ ዝም።

አልሮጥኩም፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ነው የቀረብኩት።
ከጥዱ ጫፍ ቀጥፌ፣ ያገሬ አዳኝ እንደሚያደርገው፣
የመጨረሻ ጉርሻ አጎረስኩት።

አንገቷን ሰበር አደረግኳት፤ ቀለሁ ዘለለ፣ ጢስ ወጣ።
እሱ አፉን ሞልቶ ተኝቷል፣
እሷ ባዶ አፏን ከፍታ።

ከታች ኦስቫልድ ይጣራል፦
«አንድ ተኩስ ነው የሰማሁት! ሳትሽው?»
«ገመድ ይዘህ ውጣ» አልኩት።