ባሕሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ከለገሃር ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ግማሹን ሐዲድ፣ ግማሹን ደመና የሚያሳይ፣
እራት ተነሣና ሰሐኑ ታጠበ፣
ቤተሰቡ ሁሉ ለስብሰባ ቀረበ።
አጀንዳው አንድ ነው፦ ባሕር። የት? መቼ?
ሒሳብ ሹም ነኝና ጸሓፊው እኔ ነኝ፣ ወረቀት ዘርግቼ።

ሦስት ዓመት ቆጠብን፤ ከቅዳሜ ኬክ፣ ከኔም ከድራፍቱ፣
ከታክሲው ላይ ሳይቀር፣ በእግር እየመጣን ከሜክሲኮ እስከ ቤቱ።

«ጅቡቲ» አለች ፀዳለ፤ «ቅርብ ነው፤ ባቡር አለ።»
«ባቡሩ ዛሬ ከዚህ አይነሣም፤ ለቡ ሄዶ ተተከለ፣»
አልኳት። መስኮታችን ሥር አሮጌው ጣቢያ
እንደ ጡረተኛ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ዝም ብሎ ቁጭ እንዳለ።

ወንድሜ ዓምደብርሃን በስልክ «ሞምባሳ» ብሎ ነበር ጧት፤
«ዝንጀሮ ግን ቁርስ ይቀማል» ብሎ ጨመረ፤ ይህችን አልጻፍኳት።

ማራማዊት አሥራ አራት ሞላት፤ «ዛንዚባር» ትላለች፣
በስልኳ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ ታሳየናለች፤
ዋጋውን ስጠይቃት ስልኩን በፊቱ ደፍታ ታስቀምጣለች።

ፓስፖርት? የኔው ጊዜው አልፏል፣ የልጆቹ ገና አልተወለደም፤
ዶላር? እሱን ማታ አናነሣም፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ አይበጅም።

«ላንጋኖስ?» አልኩ ዝቅ ብዬ፤ «በአራት ሰዓት ይገባል፣ ዋጋውም ይቻላል።»
«ሐይቅ እኮ ነው፣ አባዬ» አለች ልጄ፤ «ማዶው ይታያል።»
ለዚህ መልስ አጣሁ።

ትንሹ ኢዮስያስ፣ ስድስት ዓመቱ፣ እጁን አወጣ፦
«ባሕሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ቢዘጋብንስ፣ ዘግይተን ብንመጣ?»
ሳቅን። «ባሕር አይዘጋም» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ፣
ከዚያ ዝም አልኩ፣ የግድግዳውን ካላንደር አይቼ።

ሐምሌና ነሐሴ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እኛ ካፖርት ስንደርብ፣
እዚያ ባሕሩ ሻይ ነው አሉ፤ ስኳር ብቻ የቀረው ለመቅረብ።
ታኅሣሥና ጥር፣ ነፋሱ ሲመች፣ ውኃው ልክ ሲመጣ፣
የልጅቷ ፈተና አለ፣ የኔም የመንፈቅ ሪፖርት፤ ከሁለቱ የቱ ይውጣ?
ፋሲካን አነሣሁ፤ ፀዳለ «በሰሞነ ሕማማት ዋና?» ብላ ዘጋችው፤
ጳጉሜንን ቆጠርኩ፤ አምስቱን ቀን ለሻንጣ ብቻ ፈጀችው።
ልጁ ልክ ነበረ፤ ባሕሩስ ይዘጋል፤
ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ግን ማን ያውቃል።

አክስቴ በላይነሽ ጥጉ ላይ፣ ሹራብ ይዛ ተቀምጣለች፤
አሰብ፣ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ታይፕ መታለች፤
ከቤታችን ባሕር ያየች እሷ ብቻ ናት፤ እስካሁን ዝም ብላለች።
«አንቺስ ለዕረፍት የት ትሄጂ ነበር?» አላት ትንሹ ጠጋ ብሎ።
«እዚህ ነዋ!» አለች፤ መርፌዋ ወደ መስኮቱ፣ ክሩ ከእጇ ተንጠልጥሎ።
«ዓመት እንቆጥብ ነበር፣ ሐምሌ ይምጣ እያልን ቀን ስንቆጥር፣
አንሶላ ውኃ ነክረን ለብሰን፣ ደጅ አልጋ አውጥተን ስናድር።
ከአውቶቡስ ወርደን፣ እዚሁ ለገሃር፣ ዝናቡ ሲወርድ ላያችን ላይ፣
የአዲስ አበባ ሰው ጥላ ይዞ ሲሮጥ፣ እኛ አፋችንን ከፍተን ወደ ሰማይ!
አንዷ ጓደኛዬማ፣ ቀዝቃዛ አየር በጠርሙስ ሞልታ፣
ከድና ወሰደችው፤ መቼ እንደከፈተችው እንጃ፣ ቀን ይሁን ማታ።»

ዝም ተባለ። ሰኔ ነው፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ተንጫጫ፤
ፀዳለ ልብስ ልታስገባ ተነሣች ከመቀመጫ።
ጻፍኩ፦ «የት፤ አልተወሰነም። መቼ፤ ይህም አልተወሰነም።
ገንዘቡ ባለበት ይቆይ። ተቃውሞ የለም።»
ማራማዊት ተቃወመች። መዘገብኩ።

ኢዮስያስ ግን በረንዳው ላይ ነበር፣ ካልሲውን አውልቆ፣
አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ምላሱን ወደ ዝናቡ አርቆ፤
ታች ሐዲዱ ረጥቦ ያበራል፣ ስንት ዓመት ባቡር ያላየው፤
«አክስቴ!» ብሎ ጮኸ፤ «ጨው ብቻ ነው የቀረው!»