በበሩ ላይ የሚጻፈው

ስምን መልአክ ያወጣል ይላሉ፤ ይሁን፣ እውነት ነው፣
የሳላይናው መልአክ ግን መዳፉ ግራሶ ነው።
ቅዳሜ ማታ ማታ ከአጥሩ ይደገፋል፣
ለውዝ እየፈለፈለ ሰው ሲሳሳት ይጽፋል።
ካንሳስ ሜዳ ላይ፣ ከስንዴው ጎተራ ጀርባ፣
ግማሽ ማይል ቀይ አፈር፣ አራት ኩርባ።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ በፊደል አራት ዶላር፣
ስም ከነቁጥሩ እጽፋለሁ በውድድር መኪና በር።
ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ፣ በሚያዝያ መባቻ፣
በር ተሸክመው ይመጣሉ፤ በር ብቻ።
ስሙ ከየት እንደ መጣ ስጠይቅ ያፍራሉ፣
ፊደሉ እስኪደርቅ ግን ሁሉንም ያወራሉ።

ይኸውላችሁ "ጎመን"። ሌስተር ፕሩት ነው፣
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ እምቢ ሲለው
አጥር ጥሶ ገባና ከሰው ጓሮ ሰፈረ፣
ተጎትቶ ሲወጣ መኪናው ጎመን ጎርሶ ነበረ።
ከዚያ ወዲህ አራት ዋንጫ ወስዷል።
ሚስቱ ስትደውል፣ "ጎመን፣ እራት ቀርቧል።"

"ይቅርታ" ደግሞ ማርቪን ነው፣ ቄስ መሳይ፣
ገጭቶ ካለፈ በኋላ መዳፉን በመስኮት የሚያሳይ።
አንድ ምሽት አምስት ሰው ገጨ፣ አምስት ጊዜ እጁን ዘረጋ፤
ስድስተኛውን የገጨው መሪ ለቆ ነው፣ ለይቅርታ ሲተጋ።

"ሹራብ" የሚሉት ሰውዬ ክንዱ ግንድ ያህላል፣
የገጠመው ሁሉ ከሩቅ ይሸሸዋል።
እናቱ ናት ጉዱን ያመጣችው፤ ባንዲራው ሳይውለበለብ፣
ከአስተዋዋቂው ማይክ ነጥቃ፣ "ልጄ፣ ሹራብህን ደርብ!"

አንዱ ግን ራሱ ሊሰይም ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጣ፣
"መብረቅ በልልኝ" አለ፣ "ከፊደሉ እሳት ይውጣ።"
ሦስት ቀን ቀባሁለት። በሥራዬ አላፍርም፤
እንደዚያ ያለ ቢጫ ዳግመኛ አልወጣልኝም።
ቅዳሜ መጣ። መራ። ሊጨርስ ግማሽ ዙር ሲቀረው
መኪናው ሳል ሳለና ቆመ፤ ነዳጁ ነው ያለቀው።
ጸጥታ።
ከአጥሩ በኩል አንድ አፍ፣ ለውዙን ውጦ፦
"ጠብታ!"
በቃ። መብረቁ ዛሬም በሩ ላይ አለ፣
የሚያነበው ጠፋ እንጂ ቀለሙስ አልተጓደለ።

የድሮ ጌታ በፈረሱ ስም "አባ" ተብሎ ሲጠራ፣
ስሙ የሚመረጠው ጠላት ሰምቶ እንዲፈራ።
ፈረሱ አፍ ቢኖረው ግን፣ እላለሁ ብሩሽ ሳጥብ፣
ለጌታው ሌላ ስም ነበረው፣ ከወደቀበት የሚሰበሰብ።

ሎይስ ቴናር ብቻ ናት ስም ያልወጣላት።
ሃያ ሁለት ዓመት ነዳች፤ ማንም ስህተት አላየባት።
ኩርባውን እንደ ልብስ ሰፊ በቀስታ ታጥፈዋለች፣
ትጨርሳለች፣ መኪናዋን ታጥባለች፣ ቤቷ ትገባለች።
አጥሩ ጋ ያለው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣
የሚይዘው ነገር ያጣል።

ዘንድሮ በሯን አምጥታ "የመጨረሻዬ ነው" አለችኝ፣
ጓንቷን በዝግታ አውልቃ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦
"ጎመንን በጎመን ሲጠሩት አቅፈውት ነው፣ ቢራ ይዘው፣
እኔን ግን 'ወይዘሮ ቴናር' ይሉኛል፣ ቆባቸውን አንስተው።
ይህ ክብር ነው?
ወይስ ሰውን በር ላይ እንደ ማቆም ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ብሩሼን ነከርኩ።
ነገሩን እያሰብኩ ጻፍኩ፣
እያሰብኩም አንዲት ፊደል ዘለልኩ፦
ሎይ።
አየችው። አየሁት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፣
ጨርቁ በእጄ ነው፣ አንዴ መጥረግ ነው።
"ተወው" አለች።

ቅዳሜ አስተዋዋቂው እንደ ተጻፈው አነበበው፣
ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው አጥር ከአፉ ተቀበለው፦
"ሎይ! ሎይ!" አሉ፣ ከጎመን እስከ ጠብታ፣
ሁለት እጁን ያነሳው፣ መሪ የለቀቀው ይቅርታ።

አምስተኛ ወጣች። ለአምስተኛ እንዲያ ሲጮኽ አልሰማሁም።
መዳፌን አየሁት፤ ቀለም እንጂ ግራሶ የለበትም።
ለጎደለችው ፊደል ሒሳብ አላስከፈልኳትም።