አሥራ ሰባተኛው ካሬ

ሽምብጥ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሰሌን ላይ ዘርግተን፣
ኻያውን ካሬ ሹራብ በተራ ደርድረን፣
ልንሰፋቸው ስንል፣ አንጓች በስንዝሯ
ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ተቋጠረ ግንባሯ።
«ይኸኛው ምን ነካው?»

አሥራ ሰባተኛው፣ ደንገል ነው ጥለቱ፣
በሁለት ጣት አንሷል ወርዱና ቁመቱ።
ዐይኑን ቆጠርኩለት፤ አንድም አልጎደለ፣
አርባ ነው፣ ልክ እንደ ሌላው እንዳለ።
ክሩም ያው፣ ከቅዳሜ ገበያ የመጣ፣
ሽቦውም ያው፣ ካሮጌ ብስክሌት ጎማ የወጣ።

ቆይቼ ገባኝ።
ስልክ የተዘጋበት ያ ሳምንት ነው፣ ያኔ፤
ይርሳው በጀልባ ጎርጎራ ሄዶ፣ ሻማ ብቻ ከጎኔ።
ሐይቅ አይጠየቅ ነገር፣ ማዕበል ወሬ አያደርስ፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ ስስብ፣ ስመልስ፣
ክሩን የለቀቅሁ እንደሁ ሰውዬው የሚሰምጥ
መስሎኝ፣ ዐይን በዐይን ላይ አነቅሁ፣ እንዳያመልጥ።

ባራተኛው ቀን መጣ፣ ቀረሶ አንጠልጥሎ፣
«ዘይት አለ?» አለኝ፣ ሰላምታውን ዘሎ።

አንጓች ጫፉን ይዛ፣ «ልተርትረው» አለች፣
«እጅሽ ዛሬ ላልቷል፣ ነገ ትደርሳለች።»
«ተይው» አልኳት እንጂ ምክንያት አልነገርኩም፤
ያን ሌሊት ተርትሬ ዳግም አልሠራውም።
በሰማያዊ ክር ዙሪያውን ከበብነው፣
እንደ ጣና ደሴት መሐል አስቀመጥነው።

ሐምሌ ገብቶ አሁን ከሐይቁ ሲነፍስ፣
ይርሳው ምንም አያውቅ፤ እንቅልፉን ሳይጨርስ
ይገላበጥና፣ በጨለማ ዳብሶ፣
ያችኑ ካሬ ደረቱ ላይ መልሶ
ያንኮራፋል።

ጠባቧ ትሞቃለች።