የተበጠረ ብርሃን

«አገጭ እዚህ ጋ፤ ግንባር ወደ ፊት፤
አይርገብገቡብኝ ለአንዲት ቅጽበት።»
ጋሽ ላሞሬ ቃሚሶ፣ ከአሞራ ገደል በጠዋት የመጡ፣
የሐይቁን ሽታ እንደያዙ ጨለማው ክፍሌ ውስጥ ተቀመጡ።
እጅጌያቸው ላይ የደረቀች የቆሮሶ ቅርፊት
ታበራለች ብቻዋን፣ መብራት በሌለበት።

«ምን ልትልክብኝ ነው?» አሉኝ። «ብርሃን።»
«ከብርሃን መች ጎደልን!»
«ይሄኛው የተበጠረ ነው፣ እንደ ጠጉር በሚዶ፤
ወዲያ ወዲህ ማለቱን ትቶ፣ ባንድ ወገን መተኛት ለምዶ።
ከዓይንዎ ወለል፣ ከሬቲናው ክሮች መሐል ይገባና
ሲመለስ ዘመም ይላል፤ በዘመመው ልክ ነው የማነበው የክሩን ጤና።»

ሳቁ። «ይሄማ የሐይቅ ወሬ ነው፤ ምኑን ትነግረኛለህ?
ልጄ ዱካሌ የገዛልኝን መነጽር ብታጠልቅ ታያለህ፣
የውሃው ብልጭታ እንደ ቆዳ ተገፎ፣
አምባዛው ከነጢሙ ሲሄድ፣ ከጀልባህ ሥር አልፎ።
አንገትህን ዘንበል ስታደርግ ግን ብልጭታው ዞሮ ይመጣል፤
አሣው እዚያው ነው፤ ሐይቁ ይዘጋል።»

ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «ያለ መነጽርም ያየሁት አለ።
ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ መረቡ ከተጣለ፣
በጀርባዬ ተኝቼ አናቴ ላይ ያለውን ሰማይ ሳይ፣
ትንሽ ቢጫ ነዶ፣ ወገቧን የታሰረች፣ ሰማያዊው ላይ።
ትክ ብዬ ሳያት ትሟሟለች፤
ራሴን ዘንበል ሳደርግ ትመለሳለች።
ባለቤቴን ዳንጊሴን ብነግራት ‹ራብ ነው› አለችኝ፤
ቆጮ በአሣ ደራርባ አበላችኝ።
ሁለት ዓመት ሆናት
ከሄደች። በልቼም፣ ተርቤም ጠበቅኋት።»

ሥዕሉ መጣ።
ጤነኛ ዓይን ላይ፣ ከመሐሉ፣ ከማየት ሁሉ ጫፍ፣
ክሮቹ ባንዲት ነጥብ ዙሪያ ሲሰባሰቡ እንደ ነዶ ነው የሚጻፍ፤
ወገቡን የታሰረ።
የሳቸው ማሰሪያው ተፈቷል። አገዳው ተበትኖ ሜዳ ላይ ቀረ።

ሐኪሟ ስም አላት ለዚህ፤ ካርዱ ላይ ትጽፈዋለች።
እኔ ግን፣ ይቺ ነዶ ያለ መሣሪያም፣ በባዶ ዓይን ትታያለች
የሚል አንድ መስመር
ተማሪ ሳለሁ አንብቤ፣ ለፈተና ሸምድጄ፣ ረስቼው ነበር።

«አገኘሃት?» አሉኝ፣ አገጫቸውን ሳያነሱ።
«ቦታዋን» አልኳቸው።

ማታ ታቦርን በጀርባዬ ትቼ ሐይቁ ዳር ቆምኩ፤
ፀሐይዋ ውሃውን ስትነካ ወደ አናቴ ቀና አልኩ።
አንድ አባ ኮዳ አለፈ። ሌላ ምንም የለም።
ሰማያዊ ብቻ።
አንገቴን ዘንበል አደረግሁ፣
እንደ ነገሩኝ።