ሁለት ፍሬ

ቡሬ፣ መናኸሪያው ጥግ፣ በርበሬ ሳይደርስ፣
አንማው ደጄ ቆመ፣ ጋቢውን ሲመልስ።
ሦስት ደንበኛ አሳለፈ፣ ተራውን ለቀቀ፣
የሳል ሽሮፕ ዋጋ ሁለቴ ጠየቀ፤
ከዚያ ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ፣
«ለጓደኛዬ ነው» አለኝ፣ ድምፁ ረግፎ።

እዚህ ከተማ ላይ ሰው ለሰው ያስባል፤
ጓደኛው ሲሸና እሱን ያቃጥለዋል።

«ሐኪም ይየው» ብለው፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣
«ሐኪሙ ለሚስቱ አጎት ነው» አለኝ አመንትቶ።
የሙሉውን ዋጋ ነገርኩት፤ ኪሱን ዳሰሰ፤
«ሁለት ፍሬ ይበቃል» ሲል ላቡን አበሰ።
መቀሴን አነሣሁ። ቀይና ጥቁሩን ቆረጥኩለት፤
ቀኑ የታተመበት ጠርዙ ቀረ እኔው ቤት።

ዳነ። በሳምንቱ በሞተር ሲያልፍ እጁን አነሣልኝ።
እኔም ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ ተመልሶ ነጩን ሁለት ወሰደ፣
ጥር ላይ ቢጫውን፤ በየሱቁም ሄደ፤
ውስጡ ያለው ነገር ግን ዱላውን ለመደ።
ግማሽ ዱላ የቀመሰ ውሻ አጥሩን ያጠናል፣
ጌታው ሲያንቀላፋ ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ ይታይሽ መጣች። አልተናገረችም።
እጇ ሆዷ ላይ ነው።
እሷ ጓደኛ የላትም።

ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። የላብራቶሪዋ ስመኝ
ክዳኑን ሳትከፍት ሰሃኑን አሳየችኝ፤
«እያንዳንዷ ክብ ወረቀት አንድ መድኃኒት ይዛለች፤
ቢሠራ ኖሮ ዙሪያዋ እንደ አውድማ ይጸዳ ነበር።
ሙጃውን ተመልከት፣ እስከ ከንፈሯ ወጥቷል።»
ስድስት ነበሩ። አምስቱን ዳዋ ውጧቸዋል።
ስድስተኛዋ፣ የመርፌዋ፣ ጥፍር ታህል ጠርታለች።
«እሷስ እስከ መቼ?» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ከአምስቱ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ።
በገዛ መቀሴ ቆርጬ የሰጠኋቸው ናቸው።
ብር የጨበጥኩ መስሎኝ መሳቢያዬን ስቆልፍ፣
ጨብጥ ኖሯል የሸጥኩት፣ በፍሬ፣ ያለ ትርፍ።

ትናንት፣ ሊመሽ ሲል፣ የማላውቀው ጎረምሳ ገባ።
«ሁለት ፍሬ። ለጓደኛዬ ነው።»
«ጓደኛህን አምጣው» አልኩት፣ «ሴትየዋንም፤
ጤና ጣቢያ ድረስ አብሬ እሄዳለሁ።»
ሳቀ። ወጣ።
አስፋልቱን ተሻግሮ ከፊት ለፊቴ ሱቅ ገባ።
ባጃጅ አለፈ፤ ጸጥ ሲል
መቀስ ሰማሁ፤
አንዴ፣
ሁለቴ።