ጫን

ፖስተር አስይዘው፣ በሌሊት አውቶብስ፣
ላኩኝ ወደ ቡሬ ደንበኛ እንድቀሰቅስ።
መሣሪያው «እርፍ» ነው፣ ፕሮግራም መጻፊያ፤
ሦስተኛው አርጅቷል፤ ዘጠነኛው ገበያ
ወጥቷል። መፈክሩን አምጬ የወለድኩ እኔ ነኝ፦
«እርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚያይ አይገኝ!»

እንየው ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል፣
ኪቦርዱ የበቆሎ ብናኝ ለብሷል፤
ሦስተኛው እርፍ ነው፣ ዐሥራ አራት ዓመት
የዩኒየኑ እህል የተመዘነበት።
አንድ ኪሎ አላነሰም፣ አንድ ኪሎ አልጨመረ።
«አዲሱስ ምን አለው?» አለኝ እንዳቀረቀረ።
«ይፈጥናል» አልኩት፤ ቃሌ ተደረደረ፦
«ገጹ ይጠቁራል፣ ዓይንህ ያርፍበታል፣
ገና ሳትሳሳት ስሕተት ይነግርሃል።»
«ኩንታሉስ ይቀላል?»
«አይ፣ እሱስ…»
«ገበሬው ብሩን ቶሎ ይቀበላል?»

ዝም አልኩ። የፖስተሩ ጫፍ በላቤ ራሰ፤
እቤቴ ባሮጌው የሚሠራ ጣቴ እኔኑ ወቀሰ።

ያኔ አያልነሽ ገባች፣ ተለማማጇ ልጅ፣
ስክሪኑን አየችው እንደ ባዳ ደጅ።
ኮሌጅ ያስተማራት ዘጠነኛውን ብቻ፤
የእሱ ኮድ ለእሷ ቅኔ ነው፣ የለውም መፍቻ።

እንየው መነጽሩን ከዓይኑ አወለቀ።
«እኔ ስወጣ» አለ፣ «ይህን ማን ሊያነበው?»
ፖስተሬን አላየም፣ ዋጋም አልጠየቀ።
«ጫን!» አለኝ፣
ጮክ ብሎ።

ደጅ የነበሩት ወዛደሮች
ለእነሱ መስሏቸው፣
ኩንታሉን ብድግ አደረጉት
ወደ አይሱዙው፣ በትከሻቸው።